የባሕር በር ጥያቄና የባሕር ኃላፊነት፦ ስለ መርከብና ወደብ ደኅንነት ዝም ያልንበት ጉዳይ

(ከዚህ በታች የቀረበው በጄኔቫ ካንቶን፣ በቶኔ፣ በኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የውይይት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የንግግሬ ርእስ መርከብና ወደብ እንደሚሆን ለአስተባባሪዎቹ ስነግራቸው አንደኛው፣ «በአገራችንም እዚህም ባሕር የለን፤ ማን ሊያዳምጥህ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ነገሩ እውነት ነው። የተወለድንባት አገር ኤርትራ ነጻ ከወጣችበት ከ1993 ጀምሮ የባሕር ጠረፍ የላትም። የምንኖርባት አገር ደግሞ ከቶውንም ኖሯት አያውቅም። ከዚህ አዳራሽ በስተምሥራቅ በእግር ብንጓዝ የምናገኘው ውኃ ከፈረንሳይ የሚያዋስነን የፎሮን ወንዝ ነው፤ እርሱንም ልጆች በድንጋይ ላይ እየዘለሉ ይሻገሩታል።

ሆኖም ሁለቱም አገሮች መርከብ አላቸው። ስዊዘርላንድ የራሷን የንግድ መርከቦች ባንዲራ ያቆመችው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1941 ነበር፤ በእያንዳንዱ የስዊዝ መርከብ ኋላ የመነሻ ወደቡ «ባዝል» ተብሎ ይጻፋል። የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርት በ1964 ተመሠረተ፤ በመርከቦቻችን ኋላም የሚነበበው ከባሕር ወለል ከሁለት ሺሕ ሜትር በላይ የምትገኘው አዲስ አበባ ናት። የባሕር ጠረፍ የሌለው አገር በባንዲራው መርከብ ማሰማራት እንደሚችል በ1921 የባርሴሎና መግለጫ ተረጋግጧል፤ በ1982 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነትም ይህንኑ አጽንቷል። ነገር ግን ይኸው ስምምነት ከመብቱ አጠገብ ግዴታን አኑሯል። ባንዲራውን የሰጠ መንግሥት የመርከቡን ብቃት፣ የሠራተኞቹን ደኅንነትና የባሕሩን ንጽሕና መቆጣጠር አለበት።

ላለፉት ጥቂት ዓመታት የባሕር በር ጉዳይ በአገራችን ትልቁ የክርክር ርእስ ሆኗል። በ2023 መጨረሻ በይፋ ከተነሣ ወዲህ ያልተናገረ ፖለቲከኛ፣ ያልጻፈ ምሁር የለም ማለት ይቻላል። እኔም ክርክሩን በጉጉት ተከታትዬዋለሁ። በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ ግን ሦስት ጥያቄዎች ሲነሡ እምብዛም አልሰማሁም። በመርከቡ ላይ የሚሠራው ማን ነው? የተጫነው ምንድን ነው? የተጫነው ቢፈስ ወይም ቢቃጠል ጉዳቱ የሚያርፈው በማን ላይ ነው?

እነዚህ ጥያቄዎች ወደብ እስክናገኝ የሚቆዩ አይደሉም። ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከዘጠና በመቶ የሚበልጠው ዛሬም በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ወደቡ የሌላ ነው፤ ጭነቱ ግን የእኛ ነው። ስለዚህ አደጋውም በከፊል የእኛ ነው።

ለእኛ ሲጓዝ ጅቡቲ ላይ የፈሰሰው መርዝ

በ2002 መጀመሪያ በጅቡቲ ወደብ ኮንቴነሮች ያፈስሱ ጀመር። ውስጣቸው የነበረው ከመዳብ፣ ከክሮሚየምና ከአርሰኒክ የተሠራ፣ የእንጨት ምሰሶን ከምስጥና ከመበስበስ የሚጠብቅ ፈሳሽ ነው። አርሰኒክ ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ጭነቱ የተነሣው ከብሪታንያ ሲሆን፣ የታሸገው ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ በማይመጥኑ የፕላስቲክ በርሜሎች ነበር። መድረሻውም ኢትዮጵያ ነበር።

ፈሳሹ ወደ ወደቡ መሬት ሰረገ፤ በዚያ ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች ለመርዙ ተጋለጡ። ጅቡቲ እንዲህ ያለውን ነገር ብቻዋን የምታጸዳበት አቅም ስላልነበራት ጉዳዩ ከዚህ ብዙም ወደማይርቀው፣ ጄኔቫ ወደሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ አደጋ ክፍል ደረሰ። የተበከለውን አፈር መቆፈር፣ በርሜሎቹን በሌላ ዕቃ ማሸግና ከአገር ማስወጣት ባለሙያንም ገንዘብንም የሚጠይቅ ሥራ ሆነ።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ላኪው በአውሮፓ፣ አጓዡ በባሕር ላይ፣ ተቀባዩ በደጋ ነበር፤ መርዙ የፈሰሰው ግን በአራተኛው ሰው ደጅ ላይ ነው። የጅቡቲ ጫኝና አውራጅ ያንን ምሰሶ አያይም፤ በምሰሶው ላይ የሚዘረጋው መብራትም ቤቱ አይደርስም። ለእርሱ የደረሰው ትነቱ ብቻ ነበር። ወንድም ሕዝብ ስንል፣ ጎረቤት ስንል፣ የምንለካው በዚህ ዓይነቱ ነገር ጭምር ነው።

ሦስት ነገሮች ቢኖሩ ኖሮ ጉዳቱ ይቀንስ ነበር። ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት ዕቃው ለጉዞ የሚመጥን መሆኑን የሚያረጋግጥ ተቀባይ፤ ከመድረሱ በፊት ምንነቱን በትክክል የሚያውቅ ወደብ፤ ሲፈስስ ወዲያው የሚሰማራ የሠለጠነ ቡድን። ዛሬም ልንጠይቅ የሚገባን እነዚህኑ ሦስቱን ነው።

ማዳበሪያ፣ ባትሪና ያልተነገረ ጭነት

በዓለም አቀፍ ሕግ አደገኛ ጭነት በዘጠኝ መደቦች ይከፈላል። ፈንጂ፣ ጋዝ፣ ተቀጣጣይ ፈሳሽ፣ መርዝ፣ አሲድ እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ መደብ የራሱ ምልክት፣ የራሱ አስተሻሸግና ከሌላው የሚርቅበት ልክ አለው። ሥርዓቱ የተዘረጋ ነው። የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወረቀት ነው፤ ላኪው ክፍያ ለመቀነስ ወይም ቁጥጥር ለማምለጥ ብሎ በማኒፌስቱ ላይ ያልሆነ ነገር ሲጽፍ። ካፒቴኑ ኮንቴነሩን ከፍቶ አያይም። የተጻፈለትን አምኖ ከሞተር ክፍሉ ሙቀት አጠገብ ወይም ከሠራተኞች መኝታ ሥር ሊያኖረው ይችላል።

የአገራችን ዋነኛ ገቢ ዕቃዎች የትኞቹ እንደሆኑ እናስብ። አንደኛው ማዳበሪያ ነው። እዚህ ላይ ፍርሃት እንዳልዘራ መጠንቀቅ አለብኝ። ገበሬው የሚጠቀምበት ዩሪያና ኤንፒኤስ ቤሩትን ካፈረሰው አሞኒየም ናይትሬት ጋር አንድ አይደለም። ዩሪያ አይፈነዳም። አሞኒየም ናይትሬት ግን ለመንገድ ሥራና ለማዕድን ቁፋሮ ፈንጂ ማዘጋጃ የሚውል ነው፤ ሲቆሽሽ፣ ሲታፈንና እሳት ሲደርስበት ይፈነዳል። ልዩነቱን ማወቅ ያለበት ኬሚስት ብቻ አይደለም። መጋዘን ጠባቂው፣ ትራንዚተሩና የከባድ መኪና ሹፌሩም ሊያውቁት ይገባል።

ሐምሌ ወር ማብቂያ ላይ፣ ኦገስት 4 ቀን 2020፣ በቤሩት ወደብ የፈነዳው 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ በሺሕ የሚቆጠሩትን አቁስሏል። በዚያች ከተማ በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ እኅቶቻችን ስንት እንደሆኑ ታውቃላችሁ። በዚያ ምሽት ብዙዎቻችን ስልክ ይዘን ስንደውል አምሽተናል።

ሁለተኛው አዲስ ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። በአካባቢ ጥበቃ ዓይን ደፋር እርምጃ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ መኪና ትልቅ የሊቲየም ባትሪ ተሸክሞ ባሕር ያቋርጣል። የሊቲየም ባትሪ ሲቃጠል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ጠፋ ሲባል ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ይነሣል፤ በተለመደው የእሳት ማጥፊያም በቀላሉ አይበርድም። በጁን 2025 ከቻይና ወደ ሜክሲኮ ከ3,000 በላይ ተሽከርካሪዎችን፣ ከእነርሱም ውስጥ የኤሌክትሪክና የድብልቅ መኪኖችን ጭና ስትጓዝ የነበረችው «ሞርኒንግ ሚዳስ» የተባለች መርከብ በሰሜን ፓስፊክ ተቃጥላ ሰጥማለች። ሠራተኞቿ በሕይወት ተርፈዋል። ያ እሳት በመርከብ ላይ ሳይሆን በወደብ መኪና ማቆሚያ፣ በጋላፊ መንገድ ላይ በሚጓዝ ተሳቢ ወይም በሞጆ ደረቅ ወደብ ቢነሣስ? ማን ይደርሳል? በምን ያጠፋል? አገራችን አዲሱን መኪና ለመቀበል በፈጠነችበት ፍጥነት እነዚህንም ጥያቄዎች መመለስ አለባት።

ሦስተኛው ነዳጅ ነው። በየቀኑ ከጅቡቲ የሚነሡት ቦቴዎች በአፋር በረሃ በኩል ሲያልፉ በመንገዱ ዳር የሚኖረው አርብቶ አደር ከአደጋው ጋር አብሮ ያድራል። ወደብ የሚባለው ነገር በባሕሩ ዳር አያበቃም፤ እስከ ሞጆና እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋ ረጅም መሥመር ነው። ደኅንነቱም መታየት ያለበት እንደ አንድ መሥመር ነው።

ስለ ኃላፊነት ስናወራ የስሪላንካን ነገር መርሳት አይገባም። «ኤክስፕሬስ ፐርል» የተባለችው መርከብ ናይትሪክ አሲድ የሚያፈስስ ኮንቴነር ይዛ በሕንድና በኳታር ሁለት ወደቦች እንዲወርድላት ጠይቃ ነበር፤ ሁለቱም አልተቀበሏትም። በሜይ 2021 ኮሎምቦ ደጃፍ ላይ በእሳት ተያያዘች፤ ጭና የነበረው የፕላስቲክ እንክብል የባሕሩን ዳርቻ እንደ በረዶ ሸፈነው፤ የዓሣ አጥማጆች ኑሮ ቆመ። የስሪላንካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 1 ቢሊዮን ዶላር ካሳ እንዲከፈል የወሰነው በጁላይ 2025፣ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። አንዲት የምታፈስስ ኮንቴነር ከወደብ ወደ ወደብ ስትባረር ኖራ በመጨረሻ የአገር ጉዳይ ሆነች። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

ቀይ ባሕር የጋራ ደጃፍ

ጭነታችን ሁሉ የሚያልፍበት ባሕር በዓለም ላይ ካሉት በኮራል ከበለጸጉት አንዱ ነው። ጠባብ ነው፤ ውኃውም ቶሎ አይታደስም። አንድ ጊዜ ከተበከለ ለረጅም ዘመን ይቆሽሻል።

በየመን ጠረፍ ለዓመታት ያለ ጥገና ቆማ የነበረችው «ሴፈር» የተባለች የነዳጅ ማከማቻ መርከብ ምን ያህል ለአደጋ ተቃርባ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። 1.14 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ይዛ እየዛገች ነበር። ብትሰበር ዘይቱ ወደ ኤርትራና ወደ ጅቡቲ ጠረፍ ይደርስ እንደነበር ተነግሯል፤ ጅቡቲ ወደብ ቢዘጋ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የዳቦ ዋጋ ምን እንደሚሆን መገመት ቀላል ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከመንግሥታት ብቻ ሳይሆን ከተራ ሰዎችም መዋጮ ሰብስቦ በኦገስት 2023 ነዳጁን ወደ ሌላ መርከብ አሻገረ። የምሥራች ነበር። ዓመት ሳይሞላ ግን በፌብሩዋሪ 2024 ከ21,000 ቶን በላይ ማዳበሪያ የጫነችው «ሩቢማር» በሚሳይል ተመትታ በማርች 2 ሰጠመች። በዚያው ወር በሌላ መርከብ ላይ በደረሰ ጥቃት ሦስት መርከበኞች ሞቱ።

ሌላም ብዙ ያልተወራለት ነገር አለ። መርከቦች ዘይትና ቆሻሻ ወደ ባሕር እንዳይጥሉ የሚከለክለው ማርፖል የተባለው ስምምነት ከ1973 ጀምሮ ቀይ ባሕርን «ልዩ ክልል» ብሎት ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ጥብቅ ጥበቃ በሥራ ላይ የዋለው በጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ነው። ለምን ከሃምሳ ዓመት በላይ ፈጀ? ምክንያቱ ቀላልና የሚያሳዝን ነው። ሕጉ መርከቡን «ቆሻሻህን ባሕር ላይ አትጣል» ሲለው ወደቡን ደግሞ «የሚያስረክብበት ቦታ አዘጋጅለት» ይለዋል። በአካባቢው ያሉት ወደቦች ይህን ቦታ ስላላሟሉና ስላላሳወቁ ሕጉ በወረቀት ላይ ቆየ። እነሆ አሁን ሠራ። ኢትዮጵያ ነገ በየትኛውም ጠረፍ ወደብ ብትከራይ ወይም ብታለማ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚጠብቃት ይህ ግዴታ ነው። የዘይት አተላና የቆሻሻ ማስረከቢያ የሌለው ወደብ ለመርከቡ በር፣ ለባሕሩ ግን ቁስል ነው።

የተጣለ መርከበኛና የተጣለ ጭነት

እስካሁን ስለ ዕቃ ተናገርኩ። አሁን ወደ ሰው ልመለስ።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ተቋም ከአሥር ዓመት በላይ የመካኒካልና የኤሌክትሪካል ምህንድስና ምሩቃንን ለመርከብ ሲያሠለጥን ቆይቷል፤ በቢሾፍቱም የባቦጋያ አካዳሚ አለ። ከጣና ዳር ተነሥተው ዛሬ በዓለም ዙሪያ በውጭ ድርጅቶች መርከቦች ላይ የሚሠሩ ወንድሞችና እኅቶች አሉን። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ተረት በእነርሱ ላይ ተገልብጧል፤ ውኃው ጠራቸው። ብዙዎቹ ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩና የምንኮራባቸው ናቸው።

ከእነርሱ አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው። ስሙን አልጠራም፤ የሠራበትን መርከብም ሆነ ድርጅት አልጠቅስም። አንድ ቀን በስልክ እንዲህ አለኝ፦ «ወረቀቱ ላይ አሥር ሰዓት ተኝቻለሁ። ዓይኔ ግን ያውቃል።» የዕረፍት ሰዓት መዝገቡን ከመፈረሙ በፊት ቁጥሩ ተሞልቶ ይጠብቀው ነበር። ሞተር ክፍል ውስጥ ያለ የደከመ ሰው አንድ ቫልቭ ቢሳሳት ምን እንደሚሆን የሚያውቅ እርሱ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጓደኛው አየሩ ሳይለካ ወደ ተዘጋ ታንክ ሊወርድ ሲል እጁን ይዞ እንዳስቀረው ነገረኝ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ዝገቱ ራሱ፣ የተጫነው ከሰል ወይም እህል ራሱ ኦክስጅኑን ይበላዋል። የወረደው ሰው በቅጽበት ይወድቃል፤ ጓደኛውን ሊያወጣ የወረደው ሁለተኛው ሰውም አጠገቡ ይወድቃል። በዓለም ባሕሮች ላይ ይህ ዛሬም የሚደጋገም ሞት ነው። መከላከያው ግን ውድ አይደለም፤ መለኪያ መሣሪያ፣ ፈቃድ የሚሰጥበት ወረቀትና «አልወርድም» ለማለት የማያስፈራ የሥራ ግንኙነት ነው።

ደኅንነቱ በተጠበቀ ቦታ የመሥራት የመርከበኛ መብት የተጻፈው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በፌብሩዋሪ 2006 በጄኔቫ ያጸደቀው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት የመርከበኞች የመብት ሰነድ ይባላል። ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ ከ100 በላይ አገሮች ተቀብለውታል። ስዊዘርላንድ በ2011፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2019 አጽድቀውታል። ለመርከበኛ ቢያንስ በቀን 10 ሰዓት፣ በሳምንት 77 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል። ሥራ አገናኝ ድርጅት ለሥራ ማግኛ ከመርከበኛው ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል። መርከበኛው በደረሰበት ወደብ አቤት እንዲል ይፈቅዳል። አዲሱ ማሻሻያው ደግሞ ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ ንጹሕ የመጠጥ ውኃ በነጻ ማግኘትንና ከቤተሰብ ጋር የመገናኛ ዕድልን ጨምሯል።

እዚህ ላይ ወደ ቤሩት ልመልሳችሁ። ያ አሞኒየም ናይትሬት እዚያ የደረሰው «ሮሱስ» በተባለች ያረጀች መርከብ በ2013 ነበር። የወደቡ ተቆጣጣሪዎች ጉድለት አግኝተው እንዳትሄድ አገዷት። ባለቤቷ ጥሏት ጠፋ። ካፒቴኑና ሦስት መርከበኞች ደመወዝ ሳይከፈላቸው በመርከቧ ላይ ለወራት ታግተው ቆዩ። እነርሱ በመጨረሻ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ጭነቱ ወደ መጋዘን ገባ፤ መርከቧም በኋላ እዚያው ሰጠመች። ከስድስት ዓመት በኋላ የሆነውን እናውቃለን።

ስለዚህ መርከበኛው የሚጣልበት አሠራርና ጭነቱ የሚጣልበት አሠራር አንድ ነው። ደመወዝ የማይከፍል ባለንብረት የእሳት ማጥፊያውንም አያድስም። የሠራተኛ መብትን ከአካባቢ ጥበቃ፣ አካባቢ ጥበቃን ከሕዝብ ደኅንነት ለይተን በየመሥሪያ ቤቱ ማከፋፈላችን ለጽሕፈት ይመች ይሆናል፤ በመርከቡ ላይ ግን ሦስቱ ተለያይተው አይገኙም። ዛሬ በስምምነቱ መሠረት ለሁለት ወር ደመወዝ ያልከፈለ ባለንብረት መርከበኛውን እንደጣለ ይቆጠራል። ከ2017 ጀምሮም መርከቡ እስከ አራት ወር የሚደርስ ደመወዝንና የአገር መመለሻን የሚሸፍን ዋስትና መያዝ አለበት። ይህን መብት ስንቱ ኢትዮጵያዊ መርከበኛ ያውቃል? ስንቱስ በአማርኛ ወይም በራሱ ቋንቋ ተጽፎ አይቶታል?

ጄኔቫ ከባሕር ሩቅ አይደለችም

ብዙዎቻችን ትራም ላይ ሆነን የምናልፋቸው ሕንጻዎች የዓለምን ባሕር ያዝዛሉ። በዓለም ትልቁ የኮንቴነር መርከብ ድርጅት ኤምኤስሲ ዋና መሥሪያ ቤቱ ጄኔቫ ነው። ነዳጅ፣ እህል፣ ቡናና ማዕድን የሚነግዱ ታላላቅ ድርጅቶች በጄኔቫና በአካባቢው፣ በዙሪክና በሱግ ተቀምጠው መርከብ ይከራያሉ። ከሲዳማና ከይርጋ ጨፌ የሚወጣው ቡና በዚህ አገር ፊርማ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጋገራል። የሥራ ድርጅቱ፣ አንክታድና የአደገኛ ቆሻሻ ዝውውርን የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት ጽሕፈት ቤትም እዚሁ ናቸው።

ከስዊዝም የምንማረው አለ፤ ሁሉም ግን መልካም አርአያ አይደለም። መንግሥት ለግል መርከቦች ዋስ ገብቶ ነበርና ድርጅቶቹ ሲወድቁ በ2017 ከግብር ከፋዩ 215 ሚሊዮን ፍራንክ ወጥቷል። በመንግሥት ገንዘብ ወይም ዋስትና የሚገዛ መርከብ ጥብቅ ክትትል ካልተደረገበት ዕዳው በመጨረሻ ባሕርን አይቶ በማያውቅ ገበሬ ጫንቃ ላይ ያርፋል። የእኛም ድርጅት በ2010ዎቹ መጀመሪያ ዘጠኝ አዳዲስ መርከቦችን ከቻይና አስገንብቷልና ትምህርቱ በቀጥታ ይመለከተናል።

በሌላ በኩል የዚህ አገር ሕዝብ ድርጅቶች በውጭ ለሚያደርሱት ጉዳት ይጠየቁ የሚለውን ሐሳብ በኖቬምበር 2020 በሕዝበ ውሳኔ 50.7 በመቶ ደግፎት ነበር፤ አብዛኞቹ ካንቶኖች ስላልተቀበሉት ወደቀ። በ2025 ተመሳሳይ አዲስ ጥያቄ በፊርማ ተደግፎ ቀርቧል። በዚህ አዳራሽ የስዊዝ ፓስፖርት የያዙ ሰዎች አሉ። በየሦስት ወሩ በፖስታ የሚመጣው የድምፅ መስጫ ወረቀት ምን ያህል ጊዜ ሳይከፈት ይጣላል? ድምፃችሁን ለየትኛው ወገን እንደምትሰጡ የእናንተ ፈንታ ነው። ጉዳዩ ግን የጅቡቲን ጫኝ፣ የአፋርን አርብቶ አደርና የባሕር ዳሩን መርከበኛ እንደሚነካ አውቃችሁ ብትወስኑ ምኞቴ ነው።

አንድ ተቃውሞና መልሱ

በዚህ ርእስ ላይ ስናገር አዘውትሮ የሚቀርብልኝ ተቃውሞ አለ፦ «ድሃ አገር ነን። ለወደብ ኪራይ በየዓመቱ ብዙ የውጭ ምንዛሪ እንከፍላለን። በዚህ ላይ የደኅንነት ወጪ ሲጨመር የሚጎዳው ሸማቹ ነው።» ተቃውሞው የሚናቅ አይደለም። ኮንቴነር አንድ ቀን በዘገየ ቁጥር ዴሜሬጅ ይቆጥራል፤ ፍተሻ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል።

ሆኖም የማቀርባቸው ሐሳቦች አብዛኞቹ ገንዘብ ከመጠየቃቸው በፊት ሥርዓት ይጠይቃሉ። በማኒፌስት ላይ እውነቱን መጻፍ ተጨማሪ ዶላር አያስወጣም። ዝርዝሩ መርከቡ ሳይደርስ አስቀድሞ ከደረሰ ፍተሻው ይፈጥናል እንጂ አይዘገይም። ከሁሉ በላይ ግን የምንጠቀመው አንድ ዋና ወደብ ብቻ ነው። ብዙ በር ያለው ቤት አንዱ ቢቃጠል በሌላው ይወጣል። አንድ በር ያለን እኛ ከማንም በላይ ያንን በር ከእሳት መጠበቅ አለብን።

ምክረ ሐሳቦች

አንደኛ፤ የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን፣ የጉምሩክ ኮሚሽንና የጅቡቲ ወደብ አስተዳደር ወደ ኢትዮጵያ የሚጓዝ አደገኛ ጭነት ዝርዝር ከመነሻው ወደብ ሳይነሣ የሚለዋወጡበት የጋራ አሠራር ይዘርጉ። ሐሰተኛ ማስታወቂያ ያቀረበ አስመጪ ፈቃዱን የሚያሳጣ ቅጣት ይኑርበት።

ሁለተኛ፤ ከዶራሌ እስከ ሞጆ ባለው መሥመር የእሳትና የኬሚካል አደጋ ምላሽ ቡድኖች በታወቁ ቦታዎች ይመደቡ። ለባትሪ መኪኖች የተለየ ማቆያ ይዘጋጅ። የአደጋ መመሪያው በአማርኛ፣ በአፋርኛ፣ በሶማሊኛና በፈረንሳይኛ ታትሞ ለሹፌርና ለረዳት ይድረስ።

ሦስተኛ፤ በኢትዮጵያ ባንዲራ የሚጓዙ መርከቦች በውጭ ወደቦች ሲፈተሹ የሚገኝባቸው ጉድለትና የሚወሰድባቸው እገዳ እንዲሁም የአደጋ ምርመራ ውጤት በየዓመቱ ለሕዝብ ይፋ ይሁን። ጉድለትን መደበቅ ባንዲራን አያስከብርም።

አራተኛ፤ መርከበኛ የሚመለምሉ ድርጅቶች መዝገብ ይፋ ይደረግ፤ ክፍያ የሚጠይቅ ከመዝገቡ ይሰረዝ። መርከበኛው ከየትኛውም ባሕር የሚደውልበት የአቤቱታ መሥመርና መብቱ በቋንቋው የተጻፈበት ትንሽ መጽሐፍ ይሰጠው።

አምስተኛ፤ ስለ አዲስ ወደብ በሚደረግ ማናቸውም ድርድር የደኅንነትና የአካባቢ ጉዳይ ከመጀመሪያው ረቂቅ ጀምሮ የራሱ ምዕራፍ ይኑረው። በዚያም የቆሻሻ ማስረከቢያ፣ የኮራል ጥበቃ፣ የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች መብትና የካሳ ዋስትና ይካተቱ።

ስድስተኛ፤ በስዊዘርላንድ የምንኖር እኛ በመካከላችን ያሉትን የሕግ፣ የኬሚስትሪ፣ የኢንሹራንስና የሎጂስቲክስ ባለሙያዎች በስም እንመዝግብ። በጄኔቫ የሚካሄዱ ስብሰባዎችን የሚከታተል፣ ችግር የገጠመውን መርከበኛ ከሚረዳው አካል ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ኮሚቴ እናቋቁም። ይህ የመንግሥትን ፈቃድ አይጠብቅም። ከዛሬ ምሽት ጀምሮ ሊሠራ ይችላል።

መዝጊያ

ክቡራትና ክቡራን፤ በዚህች ኮሙን ደቡባዊ ጫፍ የሚያልፈው የአርቭ ወንዝ ከሮን ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሜዲትራኒያን ይወርዳል። ከጣና የሚነሣው አባይም መድረሻው ያው ባሕር ነው። ጠረፍ የሌላቸው የሁለቱ አገሮቻችን ውኃዎች እዚያ ይገናኛሉ። እኛ ባሕሩን አናየው ይሆናል፤ የምናደርገው ግን ይደርሰዋል።

የባሕር በር ይገባናል የሚል ወገን አለ፤ እኔም ሰላማዊና ሕጋዊ በሆነ መንገድ የተረጋገጠ መተላለፊያ ለአገራችን እመኛለሁ። ነገር ግን ጎረቤቶቻችን የሚመዝኑን በምንጠይቀው ብቻ አይደለም። ዛሬ በእነርሱ ደጅ የምናሳልፈውን ጭነት እንዴት እንደምንይዝም ያያሉ። ጅቡቲ ላይ የሚሠራው ጫኝ ለኢትዮጵያ የሚወርደውን ኮንቴነር ሳይፈራ የሚከፍትበት ቀን ቢመጣ፣ ያ ከብዙ መግለጫ የሚበልጥ የመተማመኛ ሰነድ ይሆነናል።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ፤ በተለይም በመርከብ ላይ የሠራችሁ ወይም በመርከብ ላይ ልጅ ያላችሁ ቅድሚያውን ውሰዱ።